ይጾማሉ፣ ሚዛናቸው ግን ይሰርቃል፤ ግብዝ ልበላቸው ወይስ ደካማ?

ጥያቄ ብቻ | ማክሰኞ ምሽት 2፡10

ሰላም ቤቶች። ይህን ጥያቄ በአካል ለብዙ ሰው አንስቼ የሚያረካ መልስ አላገኘሁም። እዚህ ልሞክር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ አዝሙድ፣ ምን የማንሸጠው አለ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። በሁዳዴ 55ቱን ቀን ቡና እንኳ አይጠጡም። የሰንበቴያቸው ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ናቸው። ሱቁ ደጃፍ የቆመ ነዳይ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

የሱቁ ሚዛን ባለ ሁለት ሳህን ነው። ዕቃ በሚቀመጥበት ሳህን ሥር በማስቲሽ የተለጠፈ ብረት አለ። ከኪሎው 50 ግራም ገደማ ይበላል። በእሳቸው ትእዛዝ ነው የተለጠፈው።

አንድ ዓርብ ከኪዳን መልስ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ፣ "ብረቱ ላልቷል መሰል፣ ይታይ" አሉ። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ አስጠላኝ። አሁን በቤተክርስቲያን በር ሳልፍ እንኳ አልሳለምም። እናቴ "ሰውን ምን አየህ፣ እግዚአብሔርን እይ" ትለኛለች። ይህ መልስ ሰልችቶኛል። እግዚአብሔርን ያሳዩኝ እኮ ሰዎች ናቸው።

እና ጋሼ ምን ይባሉ? ጾማቸው ውሸት ነበር?

ፍቅር ያሸንፋል | 2፡31

ወንድሜ፣ ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም። አትፍረድ። ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን 🙏

ጥያቄ ብቻ | 2፡34

ሰው ይስታል፣ ልክ ነህ። ግን በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ በማስቲሽ ይስታል?

የማይመለከተኝ | 2፡50

ማስቲሹ ገደለኝ 😂

እኔ አማኝ አይደለሁም፣ ቀድሜ ልናገር። ግን ምን ገረመህ? በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? የሚቀላቅለው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ይጾማል፣ ይዘምራል፣ ይሰግዳል። መስታወቱ ላይ "ኢየሱስ ጌታ ነው" የለጠፈ ታክሲ ውስጥ ነው መልሴ የሚቀረው። ሥዕለ አድኅኖ የለጠፈውም ያው ነው። ውስጡን ለቄስ ብለው ተርተው የለ? ቄሱም ጋ ስትሄድ ያው ነው።

ቢያንስ እኔ ያልሆንኩትን አልመስልም።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ | 3፡25

ትንሽ ላርዝም ነው፣ ታገሱኝ። ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ደጅ ቆሜያለሁ። ሳልጨርስ ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ ሊቅ አትበሉኝ።

ጠያቂው ሚዛን ስታነሳ ፈገግ አልኩ። ግዕዙ ግብዝን "መድልው" ይለዋል። እኛ አድልዎ የምንለው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ሚዛን ደግሞ በግዕዝ "መዳልው" ነው። የግሪኩ ቃል ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ጭምብል አጥልቆ መድረክ ላይ የሚጫወት ተዋናይ ማለት ነበር። እንግዲህ ከሁለቱም ቃል ውስጥ "ኃጢአት የሠራ ሰው" የሚል ትርጉም አይወጣም። አንዱ ስለ ሚዛን ነው፣ ሌላው ስለ ጭምብል።

አሁን ወደ ጴጥሮስ ልውሰዳችሁ። ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ ወድቋል። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል። እሳት ዳር ቆሞ "ሰውየውን አላውቀውም" አለ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዶሮ ጮኸ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ገላትያ 2 ላይ ነው። አንጾኪያ ውስጥ ከአሕዛብ ጋር በአንድ ማዕድ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ከአሕዛብ ጋር የማይበሉ አይሁድ ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። እሱን አይተው ሌሎቹም ራቁ፣ በርናባስ ሳይቀር።

መጽሐፉ "ግብዝነት" የሚለውን ቃል የሚያነሳው የትኛው ላይ ይመስላችኋል? ክህደቱ ላይ አይደለም። ማዕዱ ላይ ነው!

ስንመዝነው ክህደቱ አይከብድም? ይከብዳል። ግን እሳት ዳር የነበረው ጴጥሮስ የፈራ ሰው ነው። ወዲያው ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። አንጾኪያ ላይ ግን ለአንዱ እንግዳ አንድ ፊት፣ ለሌላው እንግዳ ሌላ ፊት ነበረው። ያውም በጽድቅ ስም። ጳውሎስ በሰው ሁሉ ፊት የገሠጸውም ለዚህ ነው።

ሐናንያንም እዩት፣ ሐዋርያት ሥራ 5። መሬት ሸጦ፣ ከዋጋው ከፊሉን ደብቆ የቀረውን ለሐዋርያት አመጣ። መሬቱ የራሱ፣ ገንዘቡም የራሱ ነበር። ግማሹን ሰጥቼ ግማሹን አስቀርቻለሁ ቢል ማንም አይጠይቀውም። የሞተው ሁሉንም የሰጠ ለመምሰል ስለፈለገ ነው።

ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው "በደለ ወይ?" አይደለም። "ሲበድል ማንን እያታለለ ነበር?" ነው።

የማይመለከተኝ | 3፡32

የኔታ፣ እጅ ነስቻለሁ 😄 ግን ሸሸህ። ጋሼስ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ | 3፡48

አልሸሸሁም፣ እራቴን እየበላሁ ነው።

የጋሼን ልብ አላየሁም። ጾማቸው ውሸት ነው ለማለትም ድፍረቱ የለኝም። ሰው እውነት እየጾመ እውነት ሊሰርቅ ይችላል። ይህ ነው የሚያስፈራው። ማቴዎስ 23 ላይ ጌታ ፈሪሳውያንን ሲወቅስ የጠራቸው ነገሮች አዝሙድ፣ እንስላልና ከሙን ናቸው። የሱቃችሁ ዕቃ! የቅመሙን አሥራት ቆጥረው ያወጣሉ፣ ፍርድንና ምሕረትን ይተዋሉ። አሥራቱን ለምን አወጣችሁ አላላቸውም። ያንን ሳትተዉ ይህንንም ልታደርጉ ይገባ ነበር ነው ያላቸው። ጾሙ ይቁም፣ ብረቱ ይነሳ።

ለአንተም አንድ ነገር። "ያልሆንኩትን አልመስልም" ያልከው ቆንጆ ነው። ግን ምንም ሳይሉ መኖር ቀላል ነው። ከፍ ያለ ነገር ላይ ዓይኑን የተከለ ሰው ሁሌም ከቃሉ በታች ነው። ስሙን ከግብዝ ጋር አታደባልቀው።

አዲስ ፍጥረት | ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። ችግሩ ከትምህርቱ ነው የሚጀምረው። 78 ሰው የበላ ሰው በማርያም ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ ተብሎ ሲሰበክ ያደገ ነጋዴ 50 ግራም ምን ያስጨንቀዋል? እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው።

እንጦጦ ዳር | 1፡40

መጣህ! 😅 በላዔ ሰብእን ሳታነሳ ማደር አትችልም? ደግሞ "እምነት ያለ ሥራ"ን እናንተ ለእኛ መጥቀስ ጀመራችሁ? ጉድ እኮ ነው።

ለማንኛውም በላዔ ሰብእ ምንም ይሁን ምን ግብዝ አልነበረም። ሰው እበላለሁ ብሎ ሰው የበላ ነው። የሰንበቴ ሙሴ ሆኖ አልበላም።

አስተባባሪ | 1፡52

ክሩ ኦርቶዶክስ ከጴንጤ ወደሚል አይዙር። ሁለት መልስ ሰርዣለሁ። በርዕሱ ቀጥሉ።

አዲስ ፍጥረት | ረቡዕ ቀን 7፡05

እሺ፣ አነጋገሬ ልክ አልነበረም። እህቴ ይቅርታ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳስበው ነበር። የራሴን ልናገር፤ እሱ ይሻላል።

መዘምራን ነበርኩ። ከእጮኛዬ ጋር ሳንጋባ ወደቅን። አርግዛም ነበር። ማንም ሳያውቅ ሰርግ አፋጥነን መጨረስ እንችል ነበር። ህሊናችን አላስቀምጥ አለን። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄደን ተናገርን። ለሁለት ዓመት ከአገልግሎት ታገድን። ስማችን በጉባኤ ፊት ተነበበ። ቅጣቱን አልተቃወምኩም፣ ዛሬም አልቃወምም።

የሚያመኝ ሌላ ነው። ስማችን ሲነበብ ከመድረኩ ላይ የቆሙት መዘምራን ውስጥ ቢያንስ የሁለቱን ታሪክ አውቅ ነበር። ከእኔ የባሰ ነው። አንደኛው ዓይኔን ሽሽት ወደ ጣሪያ ያይ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ሶሎ ዘመረ።

ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ስንገባ "ያመነ ይታገዳል፣ የደበቀ ይዘምራል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የመጡ ልጆች እኛን አይተው ምን የተማሩ ይመስላችኋል? ንጽሕናን? አይደለም። መደበቅን ነው። ግብዝ በተፈጥሮው ግብዝ ሆኖ አይመጣም። እውነቱን የተናገረ ሰው የሚሆነውን አይቶ ነው ጭምብል የሚገዛው።

በነገራችን ላይ ልጃችን አሁን 6 ዓመቷ ነው። በሰንበት ትምህርት ትዘምራለች፣ ድምጿ የእናቷ ነው።

እንጦጦ ዳር | 7፡30

ወንድሜ፣ እኔም ይቅርታ። ይህን ስላካፈልከን እግዜር ይስጥህ።

ያልከው እኛም ጋ በሌላ መልኩ አለ፣ ግን ደግሞ ተቃራኒውም አለ። እናቴ ከ30 ዓመት በላይ አልቆረበችም። ሕፃን ሳለን እኛን ታቆርባለች፣ እሷ ግን ዳር ቆማ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትስባለች። ለምን ስላት "የኔ ልጅ፣ በየት በኩል ብዬ" ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው በየደብሩ ሞልቷል። ቅዳሴ ሲያልቅ ስንቱ ነው የሚቆርበው? ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ በተክሊል የተጋቡ። መካከል ያለው ሕዝብ ሁሉ በየሳምንቱ "እኔ ብቁ አይደለሁም" እያለ በአደባባይ የሚመሰክር ነው። ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ግንብ ስሞ የሚመለሰውስ? ካህናቱ ንስሐ ገብታችሁ ቅረቡ እያሉ ይለምናሉ፣ እኔም መራቁ ትክክል ነው አልልም። ግን ሁላችንንም ግብዝ ለሚለን ሰው እናቴን ባሳየው ደስ ይለኛል።

ከጅዳ | ረቡዕ ምሽት 3፡20

እኔ ደግሞ የምጠይቃችሁ አለኝ። የኔታ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሳውዲ ስሄድ ደላላው ክርስቲያን ከሆንሽ ሥራ አታገኚም አለኝ። ፓስፖርቴ ላይ ሌላ ስም ወጣ። ማተቤን አውሮፕላን ማረፊያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ፈትቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። አራት ዓመት በሰው ስም ተጠራሁ። ማዳም ጸልዪ ስትለኝ አጎንብሼ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። በጾም ሥጋ በልቻለሁ፣ አልበላም ካልኩ ትጠረጥራለች። አንድ ቀን የትንሣኤ ዕለት መሆኑን የማውቀው ከእህቴ የድምፅ መልእክት ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ስመለስ ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ፣ ፈጸምኩ። ግን እስካሁን አንዳንዴ "አስመሳይ ነሽ" የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ጭምብል ካላችሁ የኔን የሚያህል ጭምብል ማን አደረገ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ | 3፡55

እህቴ፣ የኔታ አትበይኝ፣ አንቺ ፊት እንኳን የኔታ ደቀ መዝሙርም አይደለሁም።

ካህን አይደለሁም፣ ቀኖናሽንም ፈጽመሻል። እንደ ወንድም ግን ልንገርሽ። ግብዝ የሚደብቀው ክፋቱን ነው፣ በመልካም ነገር ይሸፍነዋል። አንቺ የደበቅሽው ማተብሽን ነው። ያንቺ ቦታ አንጾኪያ ማዕድ ላይ አይደለም፣ እሳቱ ዳር ነው። እዚያ የነበረውም አልቅሶ ተመልሷል፣ በኋላም "በጎቼን አሰማራ" ተብሏል።

ማተቡ አሁን የት ነው?

ከጅዳ | 4፡02

አንገቴ ላይ ❤️ ያው አሮጌው ነው። ጠቁሯል።

የማይመለከተኝ | 4፡10

እዚህ ላይ የምለው የለኝም። ስለ አስመሳዮች ስናገር አንቺ በሐሳቤ አልነበርሽም።

ፍቅር ያሸንፋል | 4፡40

ጋሼ ሙሴ ናቸው ካላችሁ አይቀር ስለ ሙሴ ጸሊም ልንገራችሁ። ሰኔ 24 ነው በዓሉ። ሽፍታ ነበር፣ በኋላ በግብፅ በረሃ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። አንድ መነኩሴ አጥፍቶ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴን ጠሩት። የሚያፈስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ይህ ምንድነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፣ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። መነኩሴውን ይቅር አሉት። እኛም ጋሼን እንተዋቸው 🙏

ኩሽና | ሐሙስ ጠዋት 12፡50

ስሙ ደስ ይላል፣ ታሪኩም ደስ ይላል። ግን ይህን ታሪክ የሚናገረው ማን እንደሆነ ይለያል። ሙሴ ጸሊም ራሱ ሊፈርድ የተጠራ ሰው ነው። ስለራሱ ነው የተናገረው። እኔ ጋ ግን ሁሌ የሚነግረኝ የበደለኝ ሰው ነው።

ለስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እትዬ በጣም ጸሎተኛ ነበሩ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ሲጸልዩ ድምፃቸው ኩሽና ድረስ ይሰማኛል፣ እኔም እዚያው ነው የምተኛው። ፍሪጁ ቁልፍ ነበረው። የእንጀራ ቁጥር ይታወቃል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወር ደመወዜን ሳይሰጡኝ አስወጡኝ። ከዓመት በኋላ ገበያ ተገናኘን። አቅፈው ሳሙኝ፣ አለቀሱም። "ይቅር በይኝ ልጄ፣ ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን" አሉኝ።

ይቅር አልኳቸው። ከልቤ ነው። ደመወዙ ግን እስከዛሬ አልመጣም።

ግብዝ ናቸው አይደሉም የሚለውን እናንተ የተማራችሁት ተከራከሩበት። እኔ "ሁላችንም" የሚለው ቃል ነው የከበደኝ። የበደሉት እሳቸው ነበሩ። ሲካፈል ግን ለእኔም ደረሰኝ።

አዲስ ፍጥረት | 1፡30

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ "ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን" አላለም። ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆንኩ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። በጉባኤያችን ስንት ጊዜ ሰበክነው! ተቆጥሮ ሲመለስ ግን አላየሁም።

የማይመለከተኝ | 1፡44

ኩሽና አንደኛ። ጠያቂው ግን የት ጠፋ? አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። እዚያ ሱቅ ውስጥ አንተ ምንድን ነበር ሥራህ? ሒሳብ ነበርክ? ተሸካሚ?

ጥያቄ ብቻ | ሐሙስ ምሽት 4፡35

አልጠፋሁም። ሁሉንም ሳነብ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት።

ሚዛን ላይ ነበርኩ።

ብረቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አዘዙ፣ እኔ ማስቲሹን ገዛሁ። ያን ዓርብ "ይታይ" ሲሉ አጎንብሼ መልሼ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ያስጠላኝ የእሳቸው ነጠላ ብቻ አልነበረም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰባት ወር ሠርቻለሁ። ደመወዝ ተጨምሮልኝ ነበር። ቤተክርስቲያን የተውኩት በሳቸው ምክንያት ነው እያልኩ ለእናቴ ስናገር ኖርኩ። ሰውም ያዝንልኛል።

አንድ እናት ነበሩ። በዓመት አንዴ ይመጣሉ፣ ለራሳቸውና ለሁለት ልጆቻቸው ቤት 20 ኪሎ በርበሬ አንድ ላይ ይገዛሉ። ኪሎ በኪሎ ነበር የምመዝንላቸው፤ 50 ግራም በ20 ስታባዛው ድፍን አንድ ኪሎ ነው። ሦስት ዓመት ገዝተዋል። ታክሲ ድረስ እሸከምላቸው ነበር፣ አንዴ ቤታቸው ድረስ አድርሻለሁ። ሻይ አፍልተው አጠጡኝ፣ መረቁኝ።

የማይመለከተኝ | 4፡41

…

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ | 4፡50

ቤቱን ዛሬ ታገኘዋለህ?

ጥያቄ ብቻ | 4፡52

አገኘዋለሁ። ኮልፌ ነው። ሰማያዊ በር።

ኩሽና | 5፡03

እንግዲያው ሦስት ኪሎ ይዘህ ሂድ። አራት እጥፍ ካልክ 12 ነው፣ እሱን አንተ እወቅ። ግን የተፈጨ እንዳትወስድ። ዘንድሮ የተፈጨ በርበሬ ማን ያምናል? ዛላውን ውሰድላቸው፣ ራሳቸው ቀንጥሰው ያስፈጩት።

ጥያቄ ብቻ | 5፡06

እሺ። ዛላውን።